በሰማችው ቃል ምክንያት ስለተባረረችው ተማሪ

ቀን፦ ጥር 28 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለኮሌጁ ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

አመልካች፦ ወ/ሮ ሸዋአየሁ ረጋሳ
አድራሻ፦ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ

ጉዳዩ፦ በደቡብ ሱዳናዊቷ ተማሪ ኛጂማ ጋትዌች ላይ የተላለፈው የስንብት ውሳኔ እንዲነሳና የተከለከለችውን ፈተና እንድትፈተን ስለመጠየቅ

ክቡር ፕሬዚዳንት፣

1. እኔ አመልካች በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በሥራ ዘመኔ ከተየብኩት ደብዳቤ የሚበዛው ለአቤት ባዮች የሚሰጥ መልስ ነበር። «ጉዳዩ በመጣራት ላይ ስለሆነ በትዕግሥት ይጠባበቁ» የሚለውን ዓይኔን ጨፍኜ እተይበዋለሁ። ስለዚህ ይህ ማመልከቻ የትኛው መሳቢያ ውስጥ ሊያድር እንደሚችል ጠፍቶኝ አይደለም የምጽፈው። ያንን መልስ ግን ለእኔ እንዳይልኩልኝ ከወዲሁ በትሕትና አሳስባለሁ።

2. ኛጂማ ጋትዌች የፋርማሲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪያችሁ ናት። ባለፈው መስከረም ከጁባ ስትመጣ ኮሌጁ ማደሪያ ስለሌለው የውጭ ተማሪዎች ጉዳይ ክፍል ኃላፊው አቶ አርአያ በሰው በሰው እኔን አፈላልገው አገኙኝ። «ወይዘሮ ሸዋአየሁ፣ ልጅቷ ጨዋ ናት፤ እርስዎ ዘንድ ብትሆን አገሩን ቶሎ ትለምዳለች» አሉኝ። ያኔ አንደበታቸው ማር ነበር። ልጆቼ አግብተው ወጥተው ቤቱ ጭር ብሎብኝ ነበርና እሺ አልኩ። በዚህ እስከ ዛሬ አልተጸጸትኩም። የምጸጸተው አቶ አርአያን «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ በመሸኘቴ ነው።

3. በስንብት ደብዳቤዋ ላይ «ከአካባቢው ጋር ለመላመድ ባለመቻል» የሚል ቃል አስፍራችኋል። ይህን የጻፈው ሰው አንድም ቀን ቤቴ መጥቶ አያውቅም። እንዴት እንደለመደች የማውቀው እኔ ነኝ፤ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያዋን ወር ካፖርቷን ሳታወልቅ ነው የተኛችው። የአዲስ አበባ ብርድ እንዲህ መሆኑን የነገራት አልነበረም። የቤቴ በር ጉበን ለእሷ ቁመት አልተሠራምና ግንባሯ እስኪላላጥ ድረስ ስትገጭ ከረመች። በአማርኛ መጀመሪያ የያዘችው ቃል ታክሲ ውስጥ የሰማችውን «ወራጅ አለ»ን ነው። ትርጉሙ «መሄዴ ነው» መስሏት ከማዕድ ስትነሳ «ወራጅ አለ» እያለች በሳቅ ትገድለን ነበር። የሰፈሩ ሰው ኛጂማ ማለት ቢያስቸግረው «ጅማ» አላት። ሰው አገሯን ሲጠይቃትም «ጁባ የተወለድኩ ጅማ ነኝ» ማለት ጀመረች።

ሁሉም ግን ሳቅ አልነበረም፤ ሰፈራችንንም ንጹሕ ነው አልልም። አንድ ቀን ስታዲየም ጋ ታክሲ ስትጠብቅ አንድ ጎልማሳ የሆነ ቃል ተናገራት። ሰላምታ መስሏት ፈገግ ብላለት ወደ ቤት መጣችና፣ «እትዬ ሸዋዬ፣ ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። ስለ ቆዳዋና ስለ ባርነት ነው። ጎረቤቴ ከሪማ፣ የወሎ ሰው ናት፣ ጨርቃ ጨርቅ ትነግዳለች፣ በአጋጣሚ እኔ ዘንድ ነበረችና፣ «ንገሪያት እንጂ! ካላወቀች ለሰደባት ሁሉ ፈገግ ስትል ልትኖር ነው?» አለችኝ። እኔ አቅቶኝ የነገረቻት እሷ ናት። ኛጂማ ራቷን ሳትበላ አደረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አማርኛ ለመማር የያዛት እልህ ሌላ ሆነ። ከሪማ ሱቅ እየተቀመጠች ከደንበኛ ጋር እስከ መከራከር ደረሰች። ያንን ሰውዬ ስታዲየም ጋ ዳግመኛ ስታገኘው፣ «ወንድሜ፣ እናትህ ይህን ስትናገር ብትሰማህ ታፍርብሃለች» አለችው። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እሱ እንኳ ማፈር ያውቃል።

4. አሁን ወደ ፈተናው ልምጣ። ትምህርት ሲጀመር አቶ አርአያ ከውጭ የመጡትን ተማሪዎች ሰብስበው፣ «በዚህ ግቢ ሰዓት ስንል የፈረንጅ ሰዓት ማለታችን ነው፤ ግራ አትጋቡ» ብለዋቸዋል። ይህን የሰሙ ተማሪዎች አሉና መካድ አይቻልም። ኛጂማም ቃላቸውን ጠበቀች። ቤት ውስጥ «ሦስት ሰዓት ላይ እንወጣለን» ስላት፣ «በቤት ሰዓት ነው በኮሌጅ?» ብላ ሳታጣራ ተነሥታ አታውቅም። ሁለት ዓይነት ሰዓት ይዛ መኖርን እንዲህ ለምዳው ነበር።

5. በታኅሣሥ ወር በአገሯ የተነሣውን ጦርነት ክቡርነትዎ በዜና ሰምተዋል ብዬ አምናለሁ። የእናቷ ስልክ ድንገት ተዘጋ። ልጅቷ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ግድግዳ ግድግዳውን ታይ ነበር። «ለጥቂት ቀን ትምህርቱን ተዪው፣ እኔ ሄጄ አስፈቅድልሻለሁ» ብላት፣ «እትዬ፣ ቤት ከዋልኩ ስልኩን ብቻ ነው የማየው። ክፍል ውስጥ ቢያንስ አስተማሪውን አያለሁ» አለችኝ። አንድ ክፍለ ጊዜ አላጓደለችም። የስም መጥሪያችሁ ይመስክር። እናቷ በሕይወት መኖራቸውንና በተባበሩት መንግሥታት ግቢ መጠለላቸውን የሰማነው ከገና በኋላ ነው። የዚያን ቀን ጮኻ አለቀሰች፤ አልቅሳ ስታበቃ የኬሚስትሪ መጽሐፏን ከፈተች።

6. የኬሚስትሪው ፈተና ቀን ተለውጦ ማስታወቂያ ተለጠፈ። እስከዚያ ድረስ የኮሌጁ ማስታወቂያ በእንግሊዝኛና በፈረንጅ ሰዓት ነበር የሚወጣው። ያ ግን በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ነበር፤ ሰዓቱም «8፡00» ይላል። ጠዋት ይሁን ከሰዓት አይልም። ኛጂማ ግቢው ያስተማራትን ይዛ በእኛ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቡልጋሪያ ሰፈር ካለው ካምፓሳችሁ ደረሰች። በክፍሉ ሌሎች ተማሪዎች ይፈተኑ ነበር። ፈታኙ፣ «ስምሽ እዚህ የለም፣ ሬጅስትራር ጠይቂ» አሏት። ሬጅስትራር ሄደች። በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ የወረፋውን ብዛት አይታ፣ «ነገ ተመለሺ» አለቻት። ነገ ተመለሺ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? ወደ ቤቱ ይመለሳል። ፈተናው የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በእኛ ስምንት ሰዓት ላይ ተሰጠ። በማግሥቱ «ቀርተሻል» ተብላ ዜሮ ተሰጣት።

7. በነጋታው አብሬያት ወደ አቶ አርአያ ቢሮ ሄድኩ። ቁጭ በሉ አላሉንም። እኔ ነገሩን ከሥሩ አስረዳሁ፤ እሷም በእንግሊዝኛ፣ በጨዋ ደንብ፣ ማካካሻ ፈተና እንዲፈቀድላት ጠየቀች። አቶ አርአያ ስልካቸውን እየነካኩ ሰሙን። ከዚያ ልጅቷን ትተው ወደ እኔ ዞሩና እንደ ምስጢር ሳይሆን ጮክ ብለው በአማርኛ፦

«ወይዘሮ ሸዋአየሁ፣ እርስዎ የዋህ ነዎት። እነዚህ ለመማር የሚመጡ መሰሉዎት? አገራቸው በተቃጠለ ቁጥር መሸሸጊያ ፍለጋ ነው። ቢመክሯቸው አይሰሙ፣ ቢያስተምሯቸው አይገባቸው። መልመድ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም» አሉኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ኛጂማ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ በአማርኛ መለሰችላቸው፦

«ጌታዬ፣ እኔ የመጣሁት ጦርነቱ ሳይጀመር ነው። ያሉትንም ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ገብቶኛል።»

ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ብዙ አለቃ አይቻለሁ፤ ፊት እንደዚያ ሲለዋወጥ ግን አላየሁም። ይቅርታ ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። ሰውዬው ግን ብድግ ብለው በሩን ከፈቱና ጥበቃውን ጠሩ። «ይህችን ከዚህ አውጣልኝ!» አሉት። ጥበቃው ክንዷን ያዛት። «ልቀቀኝ፣ እግር አለኝ» ብላው ወጣች። ኮሪደር ላይ የነበሩ ተማሪዎች እንደ ሌባ አዩአት። እኔም ተከትያት ወጣሁ።

8. ስንብቱ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ምክንያቱ «ኃላፊን በመድፈር፣ ለፈተና ባለመቅረብና ከአካባቢው ጋር ለመላመድ ባለመቻል» ይላል። እኔ እንደገባኝ ግን ልጅቷ አማርኛ ባታውቅ ኖሮ ዛሬም ተማሪያችሁ ነበረች። የአገሩን ቋንቋ ለምዳ በመገኘቷ አባረራችኋትና አልለመደችም ብላችሁ ጻፋችሁ። ኮሌጁ የድጋፍ ደብዳቤውን ስላነሳባትም የመኖሪያ ፈቃዷ በየካቲት መጨረሻ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ወደየት ትሂድ? ይህን ሬጅስትራር ብጠይቅ፣ «ስደተኛ ሆና ትመዝገብ» ተባልኩ። ለኛጂማ ስነግራት፣ «ስደተኛ መሆን ነውር አይደለም፤ እናቴም አሁን ከቤቷ ተሰድዳለች። እኔ ግን ተማሪ ሆኜ ነው የገባሁት። ማን ነው የለወጠኝ?» አለች። መልሱ ያለው እናንተ ዘንድ ነው።

9. ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ አቶ አርአያ ሰው ላኩብን። የተላከው ሰው ሳሎኔ ተቀምጦ፣ «አንድ የይቅርታ ደብዳቤ ጽፋ ትፈርም፤ ነገሩ በዚያው ይበርዳል፣ ፈተናውም ይፈቀድላታል» አለ። ከሪማ፣ «ፈርሚ ልጄ፣ ብዕር አይገድልም» ብላ መከረቻት። ሌሎችም ጎረቤቶች እንዲሁ አሉ። ለእሷ አስበው ነው፤ አልፈርድባቸውም። ኛጂማ ብዕሩን ተቀበለች፤ ወረቀቱን አየችው። ከዚያም የተላከውን ሰው፦

«ምን ብዬ ልጻፍ? ‘ስለሰማሁ ይቅርታ’ ልበል?» አለችው።

ሰውዬው ባርኔጣውን አንሥቶ ሄደ። ያን ጊዜ ነው ይህን ማመልከቻ ለመጻፍ የወሰንኩት።

10. ስለሆነም ክቡርነትዎ፦

ሀ. የስንብት ውሳኔውን ሽረው ፈተናዋን እንድትፈተን እንዲያደርጉልኝ፣

ለ. የድጋፍ ደብዳቤው የመኖሪያ ፈቃዷ ሳያበቃ እንዲመለስላት፣

ሐ. አቶ አርአያ በቢሮአቸው የተናገሩትን፣ ልጅቷም እኔም ባለንበት፣ በዚያው በአማርኛ እንዲሽሩ እንዲያዝዙልኝ እጠይቃለሁ።

ምሕረት አልለመንኩም። ልጅቷም «እትዬ፣ እንዳትለምኚልኝ» ብላ አስምላኛለች። ከእናንተ መልስ ካጣሁ ወደሚመለከተው የመንግሥት አካል እሄዳለሁ፤ የአቤቱታን መንገድ ከማንም በተሻለ አውቀዋለሁ፣ ጡረተኛ ስለሆንኩም የምቸኩልበት ሥራ የለኝም።

11. ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ትናንት ከሰዓት ስልክ ተደወለ። የኛጂማ እናት ድንበር ተሻግረው ጋምቤላ ገብተዋል። እግራቸው ቆስሏል፤ አብሯቸው የነበረው ታናሽ ወንድሟ የት እንደደረሰ ገና አይታወቅም። ኛጂማ ዛሬ ንጋት ላይ በአውቶቡስ ሄደች። መጻሕፍቷን ጠረጴዛዬ ላይ ደርድራ፣ «ኮሌጁ ከጠራኝ ደውዪልኝ፣ በሄድኩበት መኪና እመለሳለሁ» አለችኝ። እናቷንም ይዛ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ፤ የልጆቼን ክፍል ጠርጌ ሌላ አልጋ ዘርግቻለሁ። ቤቴ ጠባብ ነው፤ ለሁለቱም ግን ይበቃል። የእናንተ ሰፊ ግቢ ለአንዲት ተማሪ የሚሆን ወንበር ያለው መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ያሳውቁኝ።

ለያዙት ወንበር ከሚገባው ሰላምታ ጋር፣

ሸዋአየሁ ረጋሳ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለአቶ አርአያ — ጮክ ብለው እንዲያነቡት