የአባባ ጾም

ሰኞ ግንቦት 1፣ ጠዋት 1 ሰዓት
የቁስሌን ጨርቅ ቀየርኩ። ትንሽ መግል ብቻ። በደም ሥር የሚሰጠኝን መድኃኒት ሁለተኛ ዙር ከወሰድኩ ወዲህ በቀን አንዴ ይበቃኛል፤ ድሮ አምስቴ ነበር። መቀመጫዬ አጠገብ ካሉት ሁለት ቀዳዳዎች አንዱ ሊዘጋ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ፊስቱላ ሲባል የፋብሪካው ቢሮ ያሉት የወሊድ ይመስላቸዋል። ወልጄ አላውቅም። የእኔ ክሮንስ ከሚባለው የአንጀት በሽታ ነው። ማስረዳቱን ተውኩት፣ ደብተሬ። ሦስተኛው ዙር የዛሬ ሳምንት ነው።

ረቡዕ ግንቦት 3፣ 6፡40
ለምሳ ከፋብሪካ መጣሁ። አባባ አልበሉም። ጾም ነኝ አሉ። እማማ ካረፈች ጀምሮ ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። እሺ አልኩ። ብቻዬን በላሁ። ተመለስኩ።

ዓርብ ግንቦት 5፣ 6፡45
ትናንት ቀድሜ በልቻለሁ አሉ። ዛሬ ደግሞ ጾም። ወንበራቸውን ደጅ አወጡ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በቅቤ ያበደ ሽሮ ይዘው መጡ። አባባ ይጾማሉ ስላቸው ሳቁብኝ። በሃምሳው ማን ይጾማል? ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ጭንቅላቴ የት ነው ያለው?
እትዬን ስሸኝ አባባን አየኋቸው። አጥሩ ጥግ አጎንብሰው፣ አፋቸውን በጋቢ አፍነው ያስላሉ።

ያው ቀን፣ 11፡30
ጠየቅኳቸው። ሳሉ ከጀመራቸው ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ረቡዕ ጠዋት ደም አዩበት። ትሪ የለዩት ለዚህ ነው። መጀመሪያ ለመድኃኒቱ ሆስፒታል ስንሄድ ዶክተሩ «ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ ወይ?» ብለው ነበር። መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፤ ቲቢ ካለ አይሰጥም። አባባ አጠገቤ ሆነው ሰምተዋል። ያኔ አያስሉም ነበር።
«ሦስተኛውን ውሰጂና ከዚያ እታከማለሁ ብዬ ነው፤ ያንቺ እንዳይቋረጥ» አሉኝ።
ልቆጣ ፈለግኩ። ምንም አልመጣም። ሳህን በመለየት ከትንፋሻቸው የሚያድኑኝ መስሏቸዋል።

ቅዳሜ ግንቦት 6፣ ጠዋት 2፡30
ለዶክተሩ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰኞ መድኃኒቱ አይሰጥሽም፤ ሁለታችሁም ዛሬውኑ ተመርመሩ አሉ። መድኃኒቱ ለስንት ጊዜ ይቆማል? አይታወቅም።
አባባ ሰምተዋል። ጤና ጣቢያ አልሄድም፣ ካልተመረመርኩ አይከለክሉሽም፣ ሰኞ ይለፍ አሉ። ለመኑኝ። አባቴ ሲለምኑ አይቼ አላውቅም። አለቀስኩ፣ ደብተሬ፤ ከስንት ወር በኋላ። ከዚያ ጫማቸውን አመጣሁና ተንበርክኬ አደረግኩላቸው። እግራቸውን ሰጡኝ።
እየወጣን ነው። ቀዳዳው ተመልሶ ከተከፈተም ይከፈት።