በዳሌት አይከፈትም

እሁድ፣ ግንቦት 4፣ ከሥራ መልስ

የት/ቤቱን በር በአሥራ ሁለት ተኩል ከፈትሁ። ግቢ ጠረግሁ። የሳይንሱን ቁም ሣጥን አቧራ አራገፍሁ፤ ማጉያ መነጽሮቹ ስድስቱም አሉ። ስማኝ ደብተር፣ ነገሩ የእኔ ነው፣ እጁ ግን የልጄ የይታይሽ። እሷ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ተምራለች። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። አላፍርም። ፊደል ሳልቆጥር ጎንደር ላይ ሰባት ነፍስ አሳደግሁ፤ እዚህ ነታንያም የድፍን ት/ቤት ቁልፍ ወገቤ ላይ ነው። አቭ ባይት ይሉኛል። የቤት አባት ማለት ነው።

ከቁልፉ ሁሉ የሚከብደው የማህሼቩ ክፍል ነው። አሥራ ሁለት ማህሼቭ አለበት፤ የአዲስ አበባ ሰው ኮምፒዩተር የሚለው። አቧራ አይወድም። እኔም አቧራ አላስነካውም።

በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ የዳሌት ልጆች መጡ። ልጆቹን በሒሳብ ችሎታቸው እየለዩ የዕብራይስጥ ፊደል ስም ሰጥተዋቸዋል፤ አሌፍ ጎበዙ፣ ዳሌት መጨረሻው። ዳሌት ውስጥ ከሁለት ሩስያዎች በቀር ሁሉም የእኛ ልጆች ናቸው። የይታይሽ ልጅ ትርንጎም እዚያ ናት። አስተማሪያቸው አዲስ ናት፤ ዘንድሮ ሦስተኛቸው። ዳሌት አይገባም አልኋት። እሺ ብላ መለሰቻቸው። ክፍላቸው ገብተው የጠርሙስ ቆርኪ ይቆጥራሉ፣ ባለቀለም እንጨት ይደረድራሉ። ትርንጎ ቀና ብላም አላየችኝ።

ምን ላድርግ? ለዘመድ አላዳላም። በመስከረም ጸሐፊዋ ሪቭካ በዳሌት አይከፈትም አለችኝ። ቤሴደር፣ እሺ ማለት ነው፣ አልሁ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን አልተላለፍሁም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6፣ ማታ

ትርንጎ ወለል ላይ ተቀምጣ የጫማ ካርቶን ክዳን በጣቷ ትደበድባለች። የማህሼቩን ፊደላት ሥላበታለች፣ በተርታ። ካርቶኑ ይመልስልሻል ወይ ብዬ ሳቅሁባት።

«ሳባ፣ በርህን ስለማትከፍት ነው።»

ሳባ አያት ማለት ነው። ይታይሽ ነገረችኝ፦ ሰኞ ፈተና አለ፣ ማህሼቩ ላይ። ያለፈ ለከርሞ ሳይንስ ክፍል ይገባል። የወደቀ ስፌት ይማራል። ትርንጎ ደም የሚመረመርበት ቤት መሥራት ነው ሐሳቧ። ስፌትም ሥራ ነው አልሁ። ልጅቱ ካርቶኗን ይዛ ወደ መኝታዋ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 7

ዛሬ አልናገርም። ራሴን አመመኝ ብለሽ ጻፊ። በቃ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 8፣ ከእራት በፊት

ትናንት ዋሸሁህ ደብተር። ራሴን አላመመኝም።

የሆነው ይኸ ነው። ትናንት አሌፎች ለፈተናው እንለማመድ ብለው ከነአስተማሪያቸው መጡ። ከፈትሁላቸው። ሪቭካ እየሮጠች ደረሰች። በዳሌት አትክፈት አላልሁህም? ኧረ እነዚህ አሌፍ ናቸው አልኋት። ምን አሌፍ ትለኛለህ፣ ዛሬ ዳሌት ነው፣ ማህሼቭ ጠጋኙ የሚመጣበት ቀን! ዳሌት ልጆቹ አይደሉም ወይ አልኋት። እሷ ሳቀች። ወዲያው ገባትና ሳቋን ዋጠችው።

እነዚህ ሰዎች ቀኑንም በፊደል ይጠሩታል። እሁድ አሌፍ፣ ሰኞ ቤት፣ ማክሰኞ ጊሜል፣ ረቡዕ ዳሌት። እኔ ረቡዕን ረቡዕ ብዬ ነው የማውቀው። ቀን ፊደል እንዳለው ማን ነገረኝ? አልጠየቅሁም። ብጠይቅ ሪቭካ ያልገባው ሽማግሌ ትለኛለች ብዬ፣ ቤሴደር አልሁ።

እሁድ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ የዳሌት ልጆች ተራ ነበር። ደንበኛ ተራቸው። ዓመቱን ሙሉ የዘጋሁባቸው እኔ ነኝ።

ይታይሽ ብዕሩን ጥላ ወጣች።

ያው ሐሙስ፣ ከእራት በኋላ

ተመልሳለች። ዓይኗ ቀልቷል። አባየ፣ እኔ እኮ እነሱ የከለከሉን መስሎኝ ነበር አለችኝ። ለእኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። የሚበላኝ ይኸ ነው፣ ጻፊው። ሦስት አስተማሪ መጣ፣ አንዷ ለምን አላለችም። ወላጅ ለምን አላለም። ልጆቹ ለምን አላሉም። ዳሌት አይገባም ሲባል ለሁሉም ልክ መሰለው። ለእኔም ልክ መሰለኝ፣ የልጄን ልጅ ዓይን ዓይኗን እያየሁ።

ሪቭካ ዝም በል ብላኛለች። ማንም አላወቀ፣ ዓመቱም አለቀ፣ እንጀራህን ጠብቅ። ለራሷም ፈርታ ነው። አልፈርድባትም።

ዓርብ፣ ግንቦት 9፣ ማለዳ

ትርንጎ ሰማች። እናቷ ነገረቻት። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችብኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ እሁድ እሁድ በሩ ላይ ስንቆም እኔ መሆኔን ታይ ነበር? አይሽ ነበር አልኋት። ራሷን ነቀነቀች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ሜናሄለቷ ዘንድ እገባለሁ፣ ት/ቤቱን የምትመራው ሴትዮ። የዘጋሁት እኔ ነኝ እላታለሁ። ፈተናው ይቆይላቸው፣ በሩ ይከፈትላቸው፣ ይማሩ። ከሥራ ውጣ ካለችኝ እወጣለሁ። ችግሩ አፌ ነው፤ ዕብራይስጥ እሰማለሁ፣ ስናገር ግን ከቤሴደር ብዙም አላልፍ። ይታይሽ ራማት ፖሌግ ሰፈር የጽዳት ሥራ አለባት፣ ዓርብ ቀርታ አይሆንላትም። ትርንጎ ታስተርጉምልህ አለችኝ። እምቢ አልሁ። ሽማግሌ በልጅ ልጁ አፍ ጥፋቱን አይናገርም አልሁ።

ትርንጎ ቦርሳዋን አንግታ መጣች።

«እሄዳለሁ ሳባ። ግን ያልኸውን ብቻ ነው የምለው። አላሳምርልህም።»

አታሳምሪው አልኋት።

እንግዲህ እኔ በአማርኛ የዘጋሁት እኔ ነኝ እላለሁ፤ በዕብራይስጥ የሚወጣው ከእሷ አፍ ነው። አጠገቤ ቆማ። ይሁን። ሴትዮዋ በአንድ ተኩል ቢሮዋ ትገባለች። ከዚያ በፊት በሯ ላይ እንቆማለን። ይታይሽ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጥሽ፣ እዚህ ላይ ተይው