ስለ ዋርካው ሥር እና ስለ ባለቤቴ ክንድ

ለተከበሩ የባንጃራችን ሊቀመንበርና ጎረቤቴ ለፓክ ኞማን ሬንታ
ባሉበት

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎን ያምዎት ነበር፤ እንደተሻለዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ፣ ከባለቤቴ ከኮማንግ ቀኝ ክንድና ከሁለት የፊት ጥርሶቹ በቀር፣ ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ በር ላይ የለጠፍኩት ነገ ኮማንግን ከባንጃራችን፣ ከሰፈሩ ማኅበር፣ ለማስወጣት ስብሰባ ስለጠሩ ነው። ከባንጃር ከተባረረ ቤት ሰው ሲሞት ሬሳውን የሚሸከም አይገኝም፤ አማቴ ደግሞ በጓዳ ተኝተው ትንፋሻቸው መቆራረጥ ከጀመረ ሳምንት ሆኗቸዋል። ስለዚህ ቸኩያለሁና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሥሩ። በደጃችን የቆመው ዋርካ ሥሩን በግንቡ ሥር አሾልኮ የፍሳሽ ቧንቧዬን ሰንጥቆ ገባበት። መጀመሪያ በመታጠቢያ ቤቱ ቀዳዳ እንደ ፀጉር ብቅ ሲል በመቀስ ቆረጥኩት። በሳምንቱ አውራ ጣት አክሎ ተመለሰ። ከዚያ ቧንቧው ፈነዳና የአምስት ሰው ቆሻሻ አማቴ እስከተኙበት ምንጣፍ ድረስ ገነፈለ። ሦስት ጊዜ ባመለክት ሦስቱንም ጊዜ «ኢቡ፣ እመቤቴ፣ ዛፉ እኮ የተቀደሰ ነው፤ አንድ ሥሩ አይነካም!» ብለው ስላስተማሩኝ ውለታዎን አልረሳም።

ሁለተኛ፣ ስለ ቅድስናው። ዛፉን የቀደሰው፣ በአገራችን ቅዱስ ነገር ላይ ብቻ የሚጠመጠመው ጥቁርና ነጭ ዳማ ጨርቅ ነው። ያን ጨርቅ የዛሬ ሁለት ዓመት በገዛ እጅዎ ሲጠመጥሙት መሰላሉን የያዝኩልዎ እኔ ነበርኩ። ካህን አልነበረም፣ ጸሎትም አልነበረም። ጎረምሶች ሞተራቸውን እያቆሙ ለመኪናዎ መውጫ ስላሳጡዎ «እስቲ አሁን እዚህ የሚያቆም ወንድ ካለ እናያለን!» ብለው እየሳቁ ወረዱ። እኔም ሳቅሁ፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት አበባና ሩዝ አስቀመጠች፤ ከዚያማ ሰፈሩ ሁሉ ተከተላት። እርስዎ ዝም አሉ።

ሦስተኛ፣ ስለ ድብደባው። ኮማንግ ዛፉን አልነካም፤ የቆረጠው በገዛ ግቢው ቆፍሮ ያገኘውን፣ ቧንቧው ውስጥ የገባውን ሥር ነው። መጥረቢያው ሲያርፍበት ነጭ ወተቱ ፊቱ ላይ ተረጨ። በግንቡ ላይ ተንጠልጥለው ያዩት የሰፈሩ ወንዶች «ደማ! ዛፉን አደማው!» ብለው ዘለው ገቡ። «አንተ ርኩስ፣ መዓት ልታወርድብን ነው?» እያሉ ክንዱን በአካፋ ሰበሩት፤ ጉድጓዱ ውስጥ ጥለውም ፊቱን በዚያው በቆሻሻው ደፈቁት። እኔ በመጥረቢያው እጀታ የአንዱን ጉልበት ብዬዋለሁ። አልጸጸትም፤ ቢደግሙት ስለቱን አዞርባቸዋለሁ። እርስዎ በሩ ላይ ቆመው «ኧረ በቃ፣ እንዳይሞት» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ለዚህ ቸርነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ነገ ተነሥተው «ጨርቁን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ለሞተር ብዬ ነው» ይበሉ። እኔ ብናገር የተናደደች ሴት ወሬ ይሉታል።

የሥልጣን ዘመንዎን ያርዝምልን እያልኩ፣ ከጥልቅ አክብሮትና ከማይበርድ ንዴት ጋር፣
አክባሪዎ
ኒ ሉህ ሱከርቲ፣ የኮማንግ ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ኮማንግ የጀመረውን ጉድጓድ ትናንት ራሴ ቆፍሬ ጨረስኩት። ወደ እኔ ቧንቧ የዞረውን ሥር ከትፌ ጥዬዋለሁ። ከእሱ በታች ግን ጭን የሚያህል ሌላ ሥር አለ፤ ተከትዬው ብሄድ በግንብዎ ሥር አልፎ በእርስዎ ቧንቧ ላይ ተጠምጥሞ አገኘሁት። እሱን በክብር መልሼ አፈር አለበስኩት። ነገ ዛፉ ቅዱስ ነው ካሉ እኔም በየማለዳው አበባ አስቀምጥለታለሁ፤ መጥረቢያ ይዘው በተጠጉት ቀን ግን ሰፈሩን ጮኬ የምጠራው እኔ ነኝ።