የሉብና ዴስክቶፕ

መርሳ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሉብና፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ባለሽበት አላህ ይጠብቅሽ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ያኮርፋል። የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤታችንም አለ። ፎቶኮፒው እንደ ድሮው ወረቀት ይበላል፤ ጠዋት ጠዋት መታ መታ እያደረግሁ እለማመጠዋለሁ።

ከዐረፋ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም። ስደውል ስልክሽ ዝግ ነው። ጂዳ ያሉት የሀገራችን ልጆች «የምትሠራበትን ቤት ቀይራለች መሰለን» አሉኝ፤ የት እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። አሠሪዎችሽ ስልክ ነሥተውሽ ይሆናል እላለሁ። ሌላ ሌላውን ማሰብ አልፈልግም።

ኮምፒውተሩን ለሁለት የከፈልሽበትን ቀን ታስታውሻለሽ? የሰውን ማመልከቻ፣ የሰርግ ጥሪውን፣ የተማሪውን መመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ ባንቺ ፋይሎች መሐል እየበተንሁ ባስመርርሽ፣ «አባ፣ እርስዎ እኮ ዴስክቶፑን አውድማ አደረጉት!» ብለሽ ጮህሽ። ከዚያ አንድ ፕሮግራም ጭነሽ ለኔ አንድ ዴስክቶፕ፣ ለራስሽ ሌላ አደረግሽ፤ ፋይላችንም አይከናችንም ለየብቻ። «ሦስቱን ቁልፎች አብረው ካልተጫኑ ወደኔ አይመጡም፤ እንዳይመጡም!» አልሽኝ። እኔም ኮራሁና አንድም ቀን አልመጣሁብሽም።

ባለፈው ወር ግን መጣሁ። ወዳጄ ንጉሴ ከጉባ ላፍቶ ወርዶ የልጁን የሰርግ ጥሪ ሊያስጽፍ አጠገቤ ተቀምጧል። ጣቴ ምኑን እንደነካ እንጃ፣ የጻፍሁት ሁሉ ከፊቴ ድርግም አለ።

«ያ ረቢ! የሰው ሥራ አጠፋሁ!»

ንጉሴ ጠጋ ብሎ አየና፣ «ምንም አልጠፋ፤ የሰው ቤት ገብተህ ነው እንጂ» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ አንቺ ቤት ነበርሁ። አይከኖችሽ በግራ በኩል እንደ ሙስበሃ ዶቃ ተሰድረዋል፦ የእንግሊዝኛ ትምህርትሽ፣ መንዙማዎችሽ፣ ለመንጃ ፈቃድ ያጠናሽው። ከኋላቸው እናትሽ ሲቲ በፎቶ ትስቃለች፣ አላህ ይዘንላት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሥራ ሳልጀምር ሦስቱን ቁልፎች ተጭኜ እመጣለሁ። ምንም አልነካም፤ አይቼ እመለሳለሁ።

ችግሩ ማሽኑ አርጅቷል። አንድ ገጽ እስኪከፍት ደንበኛው ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። ተማሪዎቹም ወደ ማዶው ቤት መሄድ ጀምረዋል። ቢጨንቀኝ ወልድያ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኙ ብሩክ ዘንድ ልወስደው ታቅፌው ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ሲሪንቃ ላይ የተሳፈረች አንዲት ሴት «አባባ፣ እቃውን ከእግርዎ ሥር ያድርጉትና ልቀመጥ» ብትለኝ እምቢ አልኋት። ስትረግመኝ ወልድያ ደረስን።

ብሩክ ከፍቶ አየውና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ውስጡ ተጠርጎ እንደ አዲስ ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም። አይስጉ፣ ፋይሉን በሙሉ መጀመሪያ አወጣዋለሁ» አለኝ።

«የልጄ ዴስክቶፕስ?»

«ፋይሎቿ አንድ ፎልደር ውስጥ ይገባሉ። አሰዳደሩ ግን እንደዚህ ሆኖ አይመለስም። ምን ችግር አለው? ስትመጣ ራሷ ታስተካክለዋለች።»

«ስትመጣ» ሲል፣ ማሽኑን ከፊቱ አንሥቼ ታቅፌው ወጣሁ። ብሩክ «አብዷል» ብሎኝ ይሆናል።

ሉብና፣ ናፍቀሽኛል። ቤቱ ሰፍቶብኛል፤ ማታ የምገባው ለእንቅልፍ ብቻ ነው። ሰው ስለ አንቺ ሲጠይቀኝ «ደኅና ናት፣ ትናንት ደውላ ነበር» እላለሁ። ዋሾ አደረግሽኝ፣ በስተርጅና!

ፎርማት አላስደርገውም። ተማሪዎቹ ይሂዱ፤ ማሽኑም እንዳዘገመ ያዝግም። አንቺ በሰደርሽው ላይ የማንም እጅ አያርፍም።

አላህ ካለሽበት በሰላም ያውጣሽ። ክፉ ሰው አይግጠምሽ፤ ከገጠመሽም ልቡን ያራራልሽ። አገርሽ ግቢ። አሚን።

አባትሽ አብዱልሐሊም

ይህን ደብዳቤ የምልክበት አድራሻ የለኝም። ስለዚህ ባንቺ ዴስክቶፕ ላይ፣ ከረድፍሽ መጨረሻ አስቀምጬዋለሁ። አልበተንሁም፤ መስመሩን ጠብቄ ነው። ተዛንፎ ካገኘሽው ግን መጥተሽ ተቆጪኝ።