ለፍቅሩ የሚመጥን ሰው

ቆቦ፣ የካቲት 28 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ እሸቴ
ሞያሌ

ወንድም ጋሼ፣

የሞያሌ ሙቀት ከእኛ ቆላ ይብሳል አይብስም እያልን ከእማዬ ጋር ስንከራከር ሰነበትን። እሷ ይብሳል ባይ ናት። ጤናውን፣ እንቅልፉን፣ ምግቡን አንድ በአንድ ጠይቅልኝ ብላኛለችና ይኸው ጠየቅሁህ። እኛ ደኅና ነን። ማሽላው ጥሩ ይዞልን ጎተራው ሞልቷል።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደወልሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ማሽላው አውርቼ ዘጋሁ። እማዬ አጠገቤ ቆማ እጄን ትጎትተኛለች፤ “ሰው ሆድ ከፍቶ በሚያክምበት እጁ ድንጋጤ አትጨምርበት” ትላለች። ስለዚህ ጽፌ ወደ ሞያሌ ለሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር ልሰጠው ነው።

ዋናውን አስቀድሜ ልበል። ለፋሲካ እመጣለሁ ያልከውን ተወው፣ አትምጣ። በእኔ እጅ ሰው ሞቷል። ደሙ የሚፈለገው ግን ካንተ ነው።

የሞተው የጎብዬው ፍቅሩ ነው፣ የጋሽ ውዱ ልጅ፤ ያ የከብት ሐኪሙ፣ በሞተር ሳይክል ሲዞር የምታውቀው።

የሆነው እንዲህ ነው። ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም እግሬን አቀጠነው። ሥራ ከሌለ ሥራ እንፍጠር አልሁና ከጎማ ጠጋኙ ከዘላለም ጋር አንድ ነገር አሰብን፦ የመኪና ቀን። አስፋልት ላይ እየበረሩ ሰው ከሚጨርሱ ሜዳ ላይ፣ በደንብና በሥርዓት ይንዱ ብለን። ከከተማው በስተምሥራቅ ማሽላው የታጨደበት ሜዳ አለ፣ ባለቤቶቹን አስፈቀድን። ዙሩን በአሮጌ ጎማ ከለልን። በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ ይገባል፣ ሁለት ዙር ይነዳል፣ ዘላለም በስልኩ ሰዓት ይይዝለታል፣ ይወጣል። ጥር 17 እሑድ ሰባት መኪና መጣ። የሞተር ሳይክል ቆብ አንድ ብቻ ስለነበረን በላብ እንደረጠበ እየተቀባበልን ነበር የምናጠልቀው።

ያንተን ኮሮላ ከሸራዋ አውጥቼ ሰባተኛ አድርጌ ያስገባኋት እኔ ነኝ። አልጠየቅሁህም። ብጠይቅህ እምቢ እንደምትል አውቅ ነበር።

ሜዳውን ለሁለት የሚከፍል ቦይ አለ፣ ክረምት ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ወደ ማሳ የሚጠለፍበት። ገበሬዎቹ “ድፈኑት፣ ግን ከክረምት በፊት መልሳችሁ ክፈቱ” አሉን። ዘላለም በድንጋይ እንሙላው አለ። ድንጋይ ማጋዝ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ መልሶ ማውጣቱም ሌላ ጣጣ። እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። ሜዳው ሁሉ አገዳ ነው፤ አገዳውን ጠቅጥቀን አፈር አለበስነው። ላዩ እንደ ዐውድማ አማረ።

ፍቅሩ የመጣው ጠዋት ላም ሊያዋልድ ወጥቶ ሲመለስ ነው። አይዋሽም ብለን ከተደፈነው ቦይ አጠገብ ያለው ኩርባ ላይ ዳኛ አደረግነው፤ መኪና ከጎማው አጥር ሲወጣ ቀይ ሻርፕ ያወዛውዛል። ድፍኑን በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገና ጠራኝ።

“ይድኔ፣ ይሄ ነገር ሆዱ ባዶ ነው። ላም ብትረግጠው ትገባለች።”

“አስልቼዋለሁ” አልሁት።

“ክብደቱን፣ ፍጥነቱን፣ ሁሉን?”

“ሁሉን።”

“እንግዲህ አምስት ዓመት ምሕንድስና የተማርኸው አንተ ነህ። እኔ የማውቀው የላም ሆድ ነው” ብሎ ሳቀና ቦታውን ያዘ።

ወንድም ጋሼ፣ አላሰላሁም። ይህን ለፖሊስም፣ ለሽማግሌም፣ ለዘላለምም አልነገርሁም። አንተ ብቻ ነህ የምታውቀው።

ስድስቱ መኪኖች ነድተው ሲያበቁ እኔ ገባሁ። ስድስቱም በዚያ ድፍን ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ አልፈዋል፣ ሲያልፉ አገዳው እየተሰበረ እንደነበር አሁን ነው የሚገባኝ። ሁለቱን ዙር ጨረስሁ። ከሁሉም እኔ ፈጣን ነበርሁ፣ ዘላለም እጁን አንሥቶ አቁም አለኝ። ሰዉ ያጨበጭብ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰው ሲያጨበጭብልኝ የመጀመሪያው ነው። ሦስተኛውን ዙር ማንም አላዘዘኝም።

የፊት እግሯ ቦይ ውስጥ ገባ። ከዚያ የማስታውሰው ሰማዩ ሁለት ጊዜ በእግሬ በኩል ማለፉን ነው። ቀበቶ ስለታሰርሁ አገጬ ብቻ ተጫረ። ፍቅሩ ከሥሯ ነበር።

ወዲያው አልሞተም። መኪናዋን ሊያነሡ ተሯሩጠው ሲጎትቱት “ቀስ፣ ቀስ በሉ። እንደ ወደቀች ላም አትጎትቱኝ፣ እሷንም እንዲህ አይደለም የሚያነሷት” ይል ነበር። እንዴት እንደሚነሣ እራሱ አዘዛቸው። ሚኒባስ ላይ ጭነን ወደ ወልድያ ይዘነው በረርን። ጎብዬ ላይ፣ በአባቱ ደጅ ስናልፍ፣ እጄን እንደያዘ አለፈ። ጋሽ ውዱ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። በጥሩምባ ስንጮህ መንገድ ልቀቁ ብሎ ፍየሎቹን ያባረረልን እሱ ነው።

ፖሊስ ሦስት ቀን አሰረኝና በዋስ ለቀቀኝ። ክሱ ይቀጥላል። የሚያስጨንቀኝ ግን እሱ አይደለም።

ሐዘኑ አርባ ሳይሞላ፣ የካቲት 8፣ ዘወልዶቹ ሁለቱን ቤተ ዘመድ አስቀመጡ። እነዚህ ደም የሚያደርቁት ሽማግሌዎች ባይኖሩ እስካሁን ተላልቀን ነበር። በቆቦና በጎብዬ መሐል፣ ሾላው ሥር ነው። እኔና እማዬ ድንጋይ ተሸክመን ገብተን ተንበረከክን። ጋሽ ውዱ ፊቱን አዙሮ ተቀምጧል። ሽማግሌው አባ ገብረ ማርያም ብዙ ለመኑት። መጨረሻ ላይ ሳይዞር፦

“ስንት ልጅ አለሽ፣ ሸዋዬ?” አለ።

“ሁለት” አለች እማዬ።

“ታላቁ ምን ይሠራል?”

“ውዱ፣ ይሄ አይጠየቅም” አሉ አባ ገብረ ማርያም።

“የኔም ልጅ አይሞትም ነበር። ምን ይሠራል?”

“ሐኪም ነው” አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

“እሱ ሰው ያክማል። የኔ ከብት ያክም ነበር። ይቀራረባሉ። መኪናዋም የእሱ ናት አሉኝ” አለ ጋሽ ውዱ።

ያን ጊዜ እማዬ ድንጋይዋን ጣለች። ኮሌታዬን ይዛ ወደፊት ገፋችኝ። “ገዳዩ ይኸው። በዚህ እጁ ነው የገደለው። ይህን ውሰዱ፣ እሸቴን ተዉልኝ” አለች።

አትቀየማት፣ ወንድም ጋሼ። እኔ አልተቀየምኋት። የሚያበላት ማን እንደሆነ ታውቃለች፣ የሚጦራትም ማን እንደሆነ ታውቃለች። ሰው በጭንቅ ጊዜ የሚይዘውንና የሚጥለውን ያውቃል።

ጋሽ ውዱ ዞረ። ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከተኝ፣ ገበያ ላይ የከሳ ወይፈን እንደሚያዩት።

“ይሄስ ምን ይሠራል?”

“ተመርቋል” አለች እማዬ።

“ምን ይሠራል ነው ያልሁሽ።”

“ሥራ ይፈልጋል።”

ከወንድሞቹ አንዱ ሳቀ። “ይህን ገድሎ ማን ፊት ይቆማል? ጫጩት አርዶ እንደ መፎከር ነው” አለ።

“ስንት ዓመትህ ነው?” አለኝ ጋሽ ውዱ።

“ሃያ አምስት።”

“ፍቅሩ በሃያ አምስቱ ሦስት ቀበሌ ያክም ነበር። ላም ስታምጥ ከእግዜር ቀጥሎ የሚጠራው እሱ ነበር። አንተን የሚጠራህ ማነው? ልጄን በዚህ አልለውጠውም።”

ወንድም ጋሼ፣ ይህን ስነግርህ አፍራለሁ። ያን ጊዜ አፌን ከፍቼ ሦስት ነጥብ ስድስት አምጥቼ እንደተመረቅሁ ልነግረው ነበር። አባ ገብረ ማርያም በዓይናቸው አስቆሙኝ።

እስከ እኩለ ቀን ድረስ ተከራከሩ። በመጨረሻ መስቀል ቀርቦለት ማለ። ቃሉ ይህ ነው፦ “ይህን ልጅ እንዲህ እንዳለ አልነካውም። ታላቁንም ያለበት ድረስ ሄጄ አልፈልገውም። አገሩን ከረገጠ ግን መሐላ የለብኝም። ይሄኛው አንድ ቀን ሰው ከሆነ፣ ሰው የሚጠራው ሰው ከሆነ፣ ያን ጊዜ ጉዳዬ ከእሱ ጋር ነው፤ ታላቁ በሰላም ይግባ።” ደሙ ተኛ እንጂ አልደረቀም። አባ ገብረ ማርያም “ጊዜ ራሱ ሽማግሌ ነው” ይላሉ። ልመናቸውን አላቆሙም።

 በማግስቱ ገና ጎሕ ሳይቀድ እማዬ ቀሰቀሰችኝ። “ተነሥ፣ ማስታወቂያ ወጥቶ እንደሆነ እይ” አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ “አትቸኩል ልጄ፣ እንጀራህ ይመጣልሃል” ስትለኝ የነበረችው እሷ ናት።

አሁን ደስ የሚል ዜና ልንገርህ። የወረዳው መስኖ ጽሕፈት ቤት ፓምፖቹን የሚጠብቅ መካኒካል መሐንዲስ ፈልጎ ነበርና ተፈተንሁ። ከአርባ ሦስት ሰው አንደኛ ወጣሁ። ከነገ ወዲያ ሰኞ እጀምራለሁ። ፓምፖቹን አይቻቸዋለሁ፣ አንደኛው ውኃ ያፈሳል፣ ለምን እንደሚያፈስም አውቄዋለሁ። በአንድ ወር አስተካክለዋለሁ። ከዚያ በኋላ የተቋረጠውን የቆላውን መስመር እንዲቀጥሉት አንድ ሐሳብ ጽፌያለሁ፣ ዐሥራ አራት ገጽ። ይህን ሁሉ በእውነት አስልቼዋለሁ።

እማዬ ሙሉ ልብስ አሰፋችልኝ፣ ሰላሁዲን ጋ፣ በልኬ። በገበያ ቀን ልብሱን አልብሳ ይዛኝ ወጣች። ከጎብዬ የመጡ ሴቶች ባየች ቁጥር ቆማ “ልጄ እኮ ኢንጂነር ሆነ፣ የስድስት ቀበሌ ውኃ በእጁ ነው” ትላለች።

“እማዬ፣ ሁለት ፓምፕ ነው” አልኋት።

“ዝም በል። ሰው ያክብርህ።”

ማታ እራት ስታቀርብ ሥጋውን ወደ እኔ ትገፋለች። ጾም መሆኑን ስነግራት ትደነግጥና ታነሣዋለች። ባለፈው “ኃላፊ ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጃል?” አለችኝ። ሦስት አልኋት። በጣቷ ቆጠረችና “በሁለት አይሆንም?” አለች። ከዚያ ዓይኔን ማየት አቅቷት ሳህኑን አነሣች።

እንዲህም አስቤ ነበር፦ ብሰንፍስ? ፓምፑ ሲፈስ ዝም ብዬ ባየው፣ ማንም ሳይጠራኝ ባረጅ እኖራለሁ፣ አንተም እዚያው ትኖራለህ። ሁለት ሌሊት አሰብሁት። ግን መስነፍ አልችልበትም። ሦስተኛው ቀን ላይ ያን ዐሥራ አራት ገጽ መጻፍ ጀመርሁ።

ትናንት መናኸሪያው ላይ ጋሽ ውዱ ከሚኒባስ ሲወርድ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ልብሱን ለብሼ ነበር። ኮሌታዬን በሁለት ጣቱ ይዞ ጨርቁን ዳሰሰው።

“ሥራ ያዝህ አሉ።”

“አዎ ጋሼ።”

“ምን አደረጉህ?”

“የፓምፖቹ መሐንዲስ።”

ራሱን ነቀነቀ። “ጎሽ። በርታ” አለኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረምና ቤት እስክገባ ፈገግ እያልሁ ነበር።

የምታክማቸው ሁሉ በእጅህ ይዳኑ፤ የደጃችን ማርያም እግርህን ከክፉ መንገድ ትመልስ። ለዘንድሮው ፋሲካ አትምጣ፣ ለከርሞውም ይቆይ። በዚያኛው ግን ና፣ እማዬን ብቻዋን አትተዋት። እኔ ቶሎ ሰው ሆኜ እደርሳለሁ።

ታናሽ ወንድምህ
ይድነቃቸው