ለአዮ የከፈትነው በር

ሰኞ፣ ጥር 6 ቀን 1955

ግድግዳው እንቢ አለ። ጣልያን ይህን ግንብ ሲሠራ መድፍ ሊመክትበት ነበር እንዴ? ግንበኛው አያ ተሰማ ከጧት ጀምሮ በዲጂኖ ሲወቅረው ውሎ ያወጣው ድንጋይ የበግ ጭንቅላት አያህልም። «እሜቴ ከድጃ፣ ግንቡ በር አልፈልግም ካለ ምናለ ብንተወው?» ይለኛል። «ግንቡ ምን አገባው፣ የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ» አልኩት። ስቆ ቀጠለ።

ቤቱን የገዛነው በቅርቡ ነው። ከከሚሴ ከተማ ወጣ ብሎ፣ የመኪናው መንገድ ኮረብታውን ለመዞር ከሚታጠፍበት ላይ ነው ያለው። መኝታ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፣ ግን ወደ መታጠቢያው የሚገባው ውጭ ወጥቶ በጓሮ ዞሮ ነው። እኛ ደግሞ ከመኝታ ቤት በቀጥታ የሚያስገባ በር እንፈልጋለን። ለራሳችን አይደለም፣ ለአዮ ነው።

አዮ የባለቤቴ የሁሴን እናት ናቸው። እሱ አዮ ይላቸዋል፣ እኔም ተከትዬው አዮ። ጨፋ ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ከጥላ በቀር አያዩም። አምና ወደ ኪራይ ቤታችን አምጥተናቸው ነበር። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ ስለሆነ እጃቸውን ይዤ ነበር የምወስዳቸው። አንድ ቀን የውሃ ጣሳቸውን ሳነሳ ሙሉ ነው። በማግስቱም ሙሉ። ለካ እኔን ላለማስቸገር ብለው ውሃ መጠጣት ትተዋል! ከንፈራቸው እስኪሰነጠቅ። ብለምናቸው «ጠጥቻለሁ» ብቻ። ሳምንት ሳይሞላ «እንግድነት ይበቃኛል» ብለው ተመለሱ። ክረምት ላይ ለሶላት ሊታጠቡ፣ ዉዱ ሊያደርጉ ወንዝ ወርደው ወደቁ፣ ዳሌያቸው ተጎዳ። አሁንም ሰው ብንልክባቸው የመለሱት ይህን ነው፦ «እጄን ሰው ሳይዘኝ የምታጠብበት ቤት ካላችሁ እመጣለሁ። ከሌላችሁ እዚሁ ልሙት።»

ስለዚህ ግንቡ ወደደም ጠላም ይከፈታል። ረመዳን ሳይገባ።

ጎረቤቴ መዲና በአጥር አንገቷን አስግጋ፣ «ኧረ ከድጃ፣ ሽንት ቤትና አልጋ በአንድ በር? መላእክት በየት ይግቡ?» አለችኝ።
«በፊት ለፊቱ በር ይግቡ፣ እንግዳ በጓሮ አይገባም» አልኳት። ትንሽ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 7

አልሃምዱሊላህ! ተሸነፈ። ከቀትር በፊት ዲጂኖው ወዲያ ማዶ ወጣ። ሁሴን በቀዳዳው አጮልቆ «ከድጄ፣ ሰላም አለይኩም!» አለኝ፣ እንደ ልጅ። እኔም ከዚህ ማዶ መለስኩ። አፋችን አቧራ ሞላ።

መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ጣልያን የተከለው ነጭ የሸክላ የሽንት ቤት መቀመጫ አለ። ተሰንጥቋል። የቀድሞዎቹ ሰዎች ዶሮ አስታቅፈውበታል መሰለኝ፣ ገለባውና ላባው ገና አልወጣም። እሱን ነቅለን ለአዮ በሲሚንቶ ሌላ ልናሠራላቸው ነው፣ ዳሌያቸው አልታጠፍ ስላለ ከፍ ያለ። መሀሉን በአጭር ግድግዳ ከፍለን፣ ወዲህ ያለውን ለዉዱና ለገላ መታጠቢያ። በርሜል ከነቧንቧው፣ ከሥሩ የሚቀመጡባት ድንጋይ።

አያ ተሰማ ሲሚንቶውን ከማቡካቱ በፊት መጣና «እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ የእናንተን ነገር አላውቅም። ስትሰግዱ የምትዞሩበት፣ ቂብላችሁ በየት በኩል ነው? ሽንት ቤት ወደዚያ አይዞርም ሲሉ እሰማለሁ። ኋላ ተሰማ አበላሸው እንዳትሉኝ» አለ። ጥሩ ሰው ነው።

ሁሴን ሳቀበት። እዚህ አገር ቂብላ ወደ ደሴ መሆኑን ማን የማያውቅ አለ? እሱ ደግሞ ወገቡ እስኪያቅተው በዚሁ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ነው። ሶላት ሲደርስበት የመኪናውን አፍንጫ ወደ ደሴ አድርጎ ያቆማል፣ ከጎኑ ይሰግዳል። አለቀ። ወጥቶ መንገዱ ላይ ቆመና እጁን በመንገዱ አቅጣጫ ዘረጋ፣ «ያውልህ ደሴ!» ከዚያ ተመልሶ የጣልያኑን መቀመጫ ሲያይ «አስተግፊሩላህ! ወደ ቂብላ ዙሮ ነው እኮ የተተከለው!» ብሎ ጮኸ። እኔም ደነገጥኩ።

አዲሱን ወደ ጎን አዙረን ወደ ጓሮው አስደረግነው። እሰይ። አንድ ኃጢአት ቀነስን።

ረቡዕ፣ ጥር 8

ክንዴ አልታዘዝ ብሎኛል፣ ጽሕፈቴም ያስታውቃል። ስንቀባ ዋልን። ኖራው ዓይኔ ውስጥ፣ ፀጉሬ ውስጥ፣ ሻዬ ውስጥ። በዚህ ሰሞን ፀሐይ በየት ወጥታ በየት እንደምትገባ አላየሁም።

መኝታ ቤቱ ለአዮ ነው፣ እኔና ሁሴን እሳሎኑ እንተኛለን። የአልጋውን እግር በመጋዝ አሳጠርነው፣ ሲነሡ እግራቸው መሬት እንዲነካ። ከዚያ አልጋው በየት ይዙር የሚለው ጭቅጭቅ መጣ። እኔ በሩ አጠገብ አልኩ። ሁሴን በቀኝ ጎናቸው ሲተኙ ፊታቸው ወደ ቂብላ መሆን አለበት አለ። እዚህ ላይ ምን ብዬ ልከራከር? ተሸክመን ስናዞር ቆየን። መስገጃቸውንም አብረን ወደ ደሴ አነጠፍነው።

የዛሬዋ ድል የእኔ ናት። ከአልጋው ራስጌ ጀምሮ ግድግዳውን ታክኮ፣ በአዲሱ በር አልፎ፣ በርሜሉ ድረስ የሚሄድ ልሙጥ አጣና አስመታሁ። አዮ እሱን እየዳሰሱ ብቻቸውን ይደርሳሉ። ሻሼን ዓይኔ ላይ አስሬ ሞከርኩት። መጀመሪያ ጉልበቴን ደፉ ላይ ላጥኩት፣ «ደፉ ይነሣ!» አልኩ፣ ተነሣ። ደግሜ ሞከርኩ። ቧንቧውን እንደ እባብ በእጄ አገኘሁት። ሁሴን ሲያጨበጭብ አያ ተሰማ «እሜቴ፣ እንግዲህ ለማኝ ለመሆን አላነሰሽም» አለኝ። ያልተባረከ!

ሐሙስ፣ ጥር 9

ሁሴን ወደ ጨፋ ሄደ፣ ነገ ይዟቸው ይመጣል። እኔ ብቻዬን ከበርሜሉ ጋር ቀረሁ።

ቧንቧው ያንጠባጥባል። በጨርቅ ጠመጠምኩት፣ በሰም ደፈንኩት፣ ያንጠባጥባል። አያ ተሰማ ከመኪና ጎማ ቆርጦ ቀለበት ሠራለት። ቆመ። ዳግም እንዳይጀምር ሠላሳ ጊዜ ሄጄ አየሁት ብል ማን ያምነኛል።

የሚያሳስቡኝ፦ ሲሚንቶው ይደርቅ ይሆን። የኖራው ሽታ ያፍናቸው ይሆን። መስኮቱ። የቀድሞዎቹ ሰዎች በጣውላ ቸንክረው ዘግተውታል፣ ሁሴን ነገ ሲመጣ ይከፍተዋል። እና ትልቁ፣ የአምናው ጣሳ። ያን ሙሉ ጣሳ ዳግም ካየሁ እኔ እንጃ። ሁሴንም አይችለው። ለሰው አይናገርም እንጂ አምና አዮን መልሶ ሲመጣ መኪናውን አቁሞ ውስጡ ለብዙ ጊዜ ተቀምጦ አይቸዋለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 10

መጡ! በጭነት መኪና ጋቢና፣ እንደ ሹም። ከሹፌሩ ጋር በኦሮምኛ ሲጨዋወቱ ነው የደረሱት። አዮ ደስ ሲላቸው ኦሮምኛ፣ ሲቆጡ አማርኛ ነው። እኔን «ኢንተላ ኮ» ካሉኝ፣ ልጄ ካሉኝ፣ ሰላም ነው። «ሴትዮ» ካሉኝ ወዮልኝ።

ሁሴን መስኮቱን ነቅሎ ከፈተ። አያ ተሰማ ዛሬ ከተራ ነው፣ ዕቃውን ሰብስቦ ሊሄድ ሲል አዮን አይቶ ቆመ። እሱም ሥራውን ማየት ፈልጓል።

እጃቸውን አጣናው ላይ አደረግሁላቸውና «ይሂዱ» አልኳቸው። ሄዱ። ቀስ እያሉ፣ በዳሌያቸው እየተንገዳገዱ። በሩን ዘጉ። እኛ ሦስታችን እንደ ሌባ ቆመን እናዳምጣለን። ከዚያ ውሃው ሲወርድ ሰማን። ሁሴን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ሲወጡ «ይችን እንጨት ማን አሰባት?» አሉ።
«ከድጃ» አለ ሁሴን።
«ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ» ብለው አመሰገኑኝ። አያ ተሰማ «እንግዲህ ጥምቀቴን በሰላም ላክብር» ብሎ ወጣ።

ማታ ግን ጣሳቸውን ሳነሳ ሙሉ ነበር። ከንፈር የነካው አይደለም። ገና አላመኑም። ለሁሴን አልነገርኩትም።

ቅዳሜ፣ ጥር 11

ያረቢ፣ በየት በኩል ልጀምረው።

አዮ የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂን ሰግደው ከመስገጃቸው አይነሡም፣ ፀሐይ እስክትወጣ ዚክር ይላሉ፣ አላህን ያወሳሉ። እኔ ጓዳ ነኝ። ድንገት «ሴትዮ!» አሉ።

ሴትዮ! ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። ሮጥኩ። በተከፈተው መስኮት ፀሐይዋ ገብታ ፊታቸው ላይ ተቀምጣለች፣ ግንባራቸው ላይ፣ አፍንጫቸው ላይ።

«ከሚሴ ላይ ፀሐይ በየት ነው የምትወጣ?» አሉኝ።
«እንደ ጨፋው ነው አዮ፣ በአፋር በኩል።»
«ታዲያ ለምን ፊቴን መታችኝ? ቂብላን ይዤ ስቀመጥ ዕድሜዬን ሙሉ ቀኝ ጉንጬን ነው የምትነካኝ።»

እኔ የማየው ሰው ይህን አላየሁም። ሁሴን ወጥቶ መንገዱ ላይ ቆመ። ተከተልኩት። እጁን በመንገዱ አቅጣጫ፣ ወደ ደሴ ብሎ ዘረጋ። መንገዱ በቤታችን በኩል ወደ ፀሐይ መውጫ ታጥፎ፣ ኮረብታውን ከዞረ በኋላ ነው ተመልሶ ወደ ደሴ የሚያቀና። እጁን ቀስ አድርጎ አወረደ።

«መንገዱ ታጥፏል» አለኝ።
«መንገዱማ ድሮም የታጠፈ ነው። ያልታጠፍከው አንተ ነህ» አልኩት።

ቂብላው ከኮረብታው ላይ ነው። በጓሯችን በኩል! ቁጭ ብለን ቆጠርነው። መስገጃው ጠማማ። አልጋው፣ እናቲቱን እግራቸውን ወደ ካዕባ አስዘርግተን አሳድረናቸዋል። መቀመጫውማ ትክ ብሎ ወደ ካዕባ ነው የሚያይ። የነቀልነው የጣልያን ልክ ነበር!

ሁሴን «እስከ ኢድ ድረስ እንተወው፣ ለአዮ አትንገሪያቸው» አለ። እንዴት አይነገራቸውም? ራሴ ገብቼ ነገርኳቸው። ራሳቸውን አቀረቀሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አለቀሱ አልኩ። ለካ ሳቅ ነው! «ቂብላን የማያውቀው ጣልያን ልክ አስቀምጦት፣ የሚያውቀው ልጄ አጣመመው!» ሳቃቸው ሲያልቅ ግን በአማርኛ፣ «እዚያ ላይ አልቀመጥም» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ይፈረሳል ማለት ነው። አያ ተሰማ ለበዓል ሄዷል። እስኪሠራ ድረስ አዮ የት ይሂዱ? የመዲና ሽንት ቤት፣ በጓሮ ዞሮ፣ እጅ ተይዞ። ልክ እንደ አምናው። ማታ የሁሴን ፊት ጥቁር ብሏል። «ነገ ጨፋ መልሱኝ ይላሉ» አለኝ።
«ይበሉ። እኛ ግን ነገ እናፈርሳለን» አልኩት።

እሑድ፣ ጥር 12

አፈረስነው። አልጋውንና መስገጃውን ማዞር ቀላል ነበር። መቀመጫው ነው የጨረሰን። አያ ተሰማ ጥሩ ግንበኛ ነው፣ ዛሬ ግን ምነው ትንሽ ሰነፍ በሆነ አልኩ። ሁሴን በመዶሻ፣ እኔ ድንጋዩን በዘንቢል እያወጣሁ። ወገቡ ሲይዘው መዶሻውን ተቀበልኩት። መዲና በአጥር አየችን፣ ዘንቢሏን ይዛ መጣችና «መላእክት በፊት ለፊት ከገቡ እኔ በጓሮ ልግባ» አለች። ከእንግዲህ አላማትም።

አዮ በርጩማ ላይ በሩ ዳር ተቀምጠው ነው ያሠሩን። ፀሐይዋን በጉንጫቸው ይዘው ክንዳቸውን ወደ ኮረብታው ዘረጉ፣ አላወረዱትም። «ወደ ክንዴ እንዳይዞር! ሁሴን፣ መንገዱን አትይ፣ እኔን እይ!» እሱም «እሺ አዮ፣ እሺ አዮ» እያለ፣ ያን ሁሉ ሽበት ይዞ።

አያ ተሰማ የተወውን ሲሚንቶ እኛው አቦካን። አዲሱ መቀመጫ ጣልያኑ እንዳስቀመጠው ዞረ። ጠርዙ ጎርባጣ ነው፣ ጣቴ ተቀርጾበታል። እስኪደርቅ ማንም አይነካውም።

ሥራው አበቃ። ሁሴን እጁን እየታጠበ እናቱን አያያቸውም። ጨፋ መልሱኝ የሚለውን ነው የሚጠብቅ። እኔም።

አዮ ክንዳቸውን አሸት አሸት አደረጉና «ኢንተላ ኮ፣ ጠማኝ» አሉ።

ጣሳውን ሞልቼ ሰጠኋቸው። አንጠፍጥፈው ጠጡት። «ድገሚኝ» አሉ። ደገምኳቸው፣ እሱንም ጠጡት። አፋቸውን በእጃቸው ጠረጉና «ዛሬ አንቺ ነሽ እጄን የምትይዥ። ሲደርቅ እኔው እሄዳለሁ» አሉኝ።

ወደ መዲና ጓሮ እጃቸውን ይዤ ሄድኩ። ደርሰን ስንመለስ ስለ ዝናብና ስለ ማሽላ ነበር የሚያወሩኝ።

ሲሚንቶው ይይዝ ይሆን ወይስ ይሰነጠቅ አላውቅም፣ የባለሙያ እጅ አልነካውም። ሁሴን ሄዶ በጣቱ ሊነካው ሲል ሁለቴ ጮኼበታለሁ። ጣሳው ግን ይኸው አጠገቤ ነው። ባዶ ነው።