ከወንድሜ ቀብር ማግስት ስለደረሰን መልስ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ዶክተር ኦስመንድ ፔምበርተን፣
የፔሊካን ኮረብታ የእንስሳት ምርምር ተቋም ዋና ዳይሬክተር፣
ሴንት ኪትስ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? የእርስዎ፣ የቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ የጦጣዎችዎ ጤና የተሟላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በተቋምዎ የጦጣዎቹን የሽቦ ቤት ሲያጸዳ የኖረው የኬልሶ ሊበርድ እህት ነኝ። ምስጋናዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. አንዲት ጦጣ ኬልሶን ክንዱን በነከሰችው ዕለት ቁስሉን አጥባችሁ፣ በፋሻ ጠቅልላችሁ፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳይል ስላስጠነቀቃችሁት አመሰግናለሁ። ማታ ቤት ሲገባ ያቀረብኩለትን የፍየል ሾርባ ሳይነካው ተቀመጠ። «ለመሆኑ ጦጣዋን ምን መርፌ ወግተዋት እንደነበር ጠየቅካቸው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ቬርና፣ በናትሽ ተይኝ፤ ከሥራ ታስባርሪኛለሽ» አለኝ። እንዲህ ያለ ታማኝ ሠራተኛ ነበረዎት።

፪. ትኩሳቱ ሲጠናበት ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሟ ወደ ተቋምዎ ደውላ፣ «የጦጣዋን በሽታ ብቻ ንገሩኝ፤ መድኃኒቱን እኔ እፈልጋለሁ» እያለች ስትለምን አጠገቧ ቆሜ ነበር። ጸሐፊዎም እጅግ በሚያምር ትሕትና «የምርምሩን ምስጢር በስልክ አንሰጥም፤ ኃላፊዎቹ ተሰብስበው ይወስኑበታል» አሏት። ስልኩን ዘግታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ኃላፊዎቹ ተሰበሰቡ፣ ወሰኑ፣ ደወሉም፤ ኬልሶን በቀበርን ማግስት። በሽታው ቶሎ ከታወቀ በክኒን የሚድን መሆኑን ሳይደብቁ ስለነገሩን ግልጽነትዎን አደንቃለሁ።

፫. «በራችን ለሕዝብ ክፍት ነው» ብለው ባዘጋጁት በዓል ላይ ኬክ ጋብዘውናል፤ ቀለሙ ያልደረቀ ባዶ የሽቦ ቤትም አስጎብኝተውናል። እናቴ ተነስታ «ልጄን ከመሞቱ በፊት ልታድኑት ትችሉ ነበር ወይ?» ብላ ስትጠይቅዎ፣ ትከሻዋን ዳበስ አድርገው «እማማ፣ እኛን ይመኑን» አሏት። እናቴ ኬኳን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ የመንደሩ ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አስቀመጠ።

ስለ ሳይንስ ያለዎት ትጋት ሳይጓደል፣ እንቅልፍዎም እንደ ወትሮው ሰላማዊ ሆኖ እንዲቀጥል እየተመኘሁ፣ በከፍተኛ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ቬርና ሊበርድ

ማሳሰቢያ፦ ከሰኞ ጀምሮ ሠራተኞችዎ ለጦጣዎቹ ምግብና ውሃ ከማቅረብ በቀር ሌላ ሥራ አንነካም ማለታቸውን ሰምተው፣ «ይህ ሕዝብ እንስሳ ይፈራል» ብለው ለሬዲዮ መናገርዎን አዳምጫለሁ። ተሳስተዋል፤ ጦጣ አይፈሩም። የሚፈሩት እርስዎን ነው።